የክረምቱን ጎርፍ ለበጋው ማቆየት፤ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሠፈራ ቦታዎች ስለ ጎርፍ አያያዝ

ድርቅን ሸሽቶ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሠፋሪ በአዲሱ ቀዬው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ዝናብ ነው። ዝናቡም በመተማ አይታጣም። ይሁን እንጂ በሐምሌና በነሐሴ ጎጆው ውስጥ ጎርፍ የገባበት ቤተሰብ በመጋቢትና በሚያዝያ የደረቀ ወንዝ አሸዋ እየቆፈረ የመጠጥ ውኃ ሲፈልግ ይገኛል። በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎርፍና ጥም ይፈራረቃሉ።

እነዚህ ሁለት ችግሮች በመሥሪያ ቤቶች መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ ተለያይተው ይያዛሉ። ጎርፉ የክረምት አደጋ ሆኖ ሪፖርት ይደረጋል፤ የውኃው እጥረት ደግሞ የበጋ ጉዳይ ሆኖ ውኃ በቦቴ እንዲታደል ይጠየቃል። የሁለቱም ምንጭ ግን አንድ ነው። በአራት ወር ውስጥ የወረደው ዝናብ የሚያዘገየውና የሚያጠራቅመው ነገር ስላላገኘ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መንደሩን አጥለቅልቆ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙም ጠረፉን ተሻግሮ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ በሠፈራና በመጠለያ ሥራ ለተሰማሩ ኃላፊዎች፣ የልማት ሠራተኞችና የእርዳታ ድርጅቶች ባልደረቦች የቀረበ ነው። ዓላማውም ጎርፍን በሣር፣ በዛፍ፣ በአፈር እርከንና በኩሬ አማካይነት ስለመያዝ፣ ማለትም በአሁኑ ጊዜ «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» ስለሚባለው አሠራር፣ ለመተማ ምድር በሚስማማ መንገድ ማስረዳት ነው። አሠራሩ በሌላ አገር መጽሐፍ እንደተጻፈ ተገልብጦ ቢወሰድ በዚህ ምድር ላይ የማይሠራበት ምክንያት አለ። ምክንያቱም ቀጥሎ ይገለጻል።

የአካባቢው አቀማመጥና የዝናቡ ሁኔታ

መተማ ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ በሱዳን ጠረፍ ላይ የሚገኝ ቆላማ ወረዳ ነው። ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ ጋር በምዕራብ ጎንደር ዞን ሥር ሲሆን የዞኑ መቀመጫ ገንዳ ውኃ ነው። የመሬቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ካለው ተራራማ አገር የሚወርደው ውኃ በዚህ ቆላ አልፎ ወደ ሱዳን ይገባል። ጓንግ ጠረፉን ሲሻገር አትባራ ተብሎ በመጨረሻ ከናይል ጋር ይቀላቀላል፤ ሽንፋም ወደ ራሃድ ያመራል።

የወረዳው ዓመታዊ ዝናብ በአብዛኛው ከ850 እስከ 1,100 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ መጠን በራሱ አነስተኛ አይደለም። ችግሩ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው አንድ ወቅት ብቻ መውረዱና ብዙውን ጊዜም በኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዶፍ መልክ መምጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል ደረቅ ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ ወንዞቹ ይደርቃሉ ወይም በየጉድጓዱ ብቻ ውኃ ያቁራሉ።

በዚህ ምድር ላይ ሰው በብዛት የሠፈረው በተለያየ ጊዜ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ሠፈራ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲወሰድ፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የተመረጡት በጥድፊያ ስለነበረ የውኃና የጤና ችግር እንደደረሰባቸው ይታወሳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራ ደግሞ በአራት ክልሎች በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ፣ እያንዳንዱን በገዛ ክልሉ ውስጥ ለማሥፈር የታቀደ ነበር። በአማራ ክልል ከወሎና ከጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የተነሡ ገበሬዎችን ከተቀበሉት ወረዳዎች መካከል መተማና ቋራ ይገኙበታል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም በመተማ በኩል ብዙ ስደተኛ ገብቶ በኩመር የመጠለያ ጣቢያ ተቋቁሞለት ነበር። በዚያው ክረምት በጣቢያው የኮሌራ በሽታ ተነሣ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሠፋሪም ሆነ ስደተኛ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆላ የሚደርሰው በበጋ፣ መንገድ ክፍት በሆነበት ጊዜ ነው። ቦታውም የሚመረጠው በበጋ ዓይን ነው። በየካቲት ሜዳ ሆኖ የታየው መሬት በነሐሴ ረግረግ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቀው ክረምቱን እዚያው ያሳለፈ ሰው ብቻ ነው።

የዋልካ አፈር ባሕርይ

የመተማ ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሔክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ እንደሆነ ይገመታል። ዋልካ ሸክላነቱ የበዛ፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር አፈር ነው። በበጋ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ያወጣል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገባ ጎርፍ አይታይም። አፈሩ በሚገባ ከራሰ በኋላ ግን ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ውኃ የማስረግ ኃይሉ እጅግ አነስተኛ ስለሚሆን የሚወርደው ዶፍ በላዩ ላይ ይፈስሳል ወይም ይተኛል።

በብዙ አገር ያለው አረንጓዴ የጎርፍ አያያዝ የተመሠረተው ውኃውን ወደ መሬት በማስረግ ላይ ነው። የማስረጊያ ጉድጓድ፣ ዝቅ ያለ የአበባ መደብ፣ ውኃ የሚያሳልፍ ንጣፍ፣ እነዚህ ሁሉ አሸዋማ ወይም ቀይ አፈር ባለበት ሥፍራ መልካም ናቸው። በዋልካ ላይ የተቆፈረ የማስረጊያ ጉድጓድ ግን በሐምሌ ወር ሞልቶ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። በሌላ በኩል በሲሚንቶ የተሠራ የጎርፍ ቦይም ከዚህ አፈር ጋር አይስማማም። አፈሩ ከሥሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ግንቡ ይሰነጠቃል፤ ውኃውም በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይሸረሽረዋል።

ስለሆነም በመተማ የሚያስፈልገው አሠራር ለሁለት ይከፈላል። ድንጋያማና ቀይ አፈር ባለበት ተዳፋት ላይ ውኃውን ማስረግ ይገባል። በዋልካው ሜዳ ላይ ደግሞ ውኃውን ቀስ አድርጎ በሣር ላይ ማሳለፍና በተመረጠ ቦታ ማጠራቀም ይገባል። ዋልካ ውኃ አላሰርግ ማለቱ ለመንደሩ ጉዳት ሲሆን፣ ለኩሬ ግን ጥቅም ነው። በዚህ አፈር ላይ የተቆፈረ ኩሬ ከራሰ በኋላ ያለ ሲሚንቶና ያለ ፕላስቲክ ውኃ ይይዛል።

የጎርፉ መጠን በቁጥር ሲታይ

የጎርፍን መጠን ለመገመት ከፍ ያለ ትምህርት አያስፈልግም። የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ከመንደሩ በላይ 10 ሔክታር ተዳፋት አለ እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በዚያ መሬት ላይ 5,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። መሬቱ ዛፍና ሰንበሌጥ ለብሶ ከውኃው 20 በመቶው ብቻ ቢፈስስ ወደ መንደሩ የሚወርደው 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዛፉ ተመንጥሮ መሬቱ ተራቁቶና ርሶ 60 በመቶው ቢፈስስ 3,000 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ዝናቡ አልተጨመረም፤ ጎርፉ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ።

በመተማና በቋራ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲቆረጥ፣ ቀድሞ የዱር ጫካ የነበረው ተዳፋት ወደዚህ ሁኔታ እየተለወጠ መጥቷል። በድንጋያማው ኮረብታ ላይ የሚበቅለው የእጣን ዛፍና በየሸለቆው የሚገኘው ሽመል ሲጠፉ ከእጣኑና ከሽመሉ የሚገኘው ገቢ ይቀራል፤ ከበላይ ሆኖ ዶፉን ይቀበል የነበረው ሽፋንም አብሮ ይሄዳል። መንገድም የራሱ ድርሻ አለው። በመንገድ ጠርዝ የተሰበሰበ ጎርፍ በቱቦ አልፎ በአንድ ቦታ ሲለቀቅ፣ ከቱቦው ሥር ያለውን ማሳ በጥቂት ክረምት ውስጥ ቦረቦር ሊያደርገው ይችላል።

የቦታ አመራረጥ

ከማናቸውም የአረንጓዴ ሥራ በፊት የሚቀድመው የቦታ ምርጫ ነው። በተሳሳተ ቦታ ላይ የተሠራ መንደር በሣርና በዛፍ አይድንም። ለሠፈራም ሆነ ለስደተኛ መጠለያ ቦታ የሚመርጥ ኮሚቴ የሚከተሉትን ቢፈጽም ብዙ ጉዳት ይቀንሳል።

ሀ/ የአገሬውን ሽማግሌዎችና እረኞች «በነሐሴ ውኃው የሚተኛው የት ነው? የሚያልፈውስ በየት ነው?» ብሎ ቦታው ድረስ ወስዶ መጠየቅ።

ለ/ በዛፍ ግንድና በቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና የደረቀ ጭቃ መኖሩን መመልከት። ያለፈው ክረምት ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል።

ሐ/ መኖሪያውን ከወንዝ ዳር፣ ከደረቅ ጅረትና ከሜዳው ዝቅተኛ ሥፍራ አርቆ በጉብታው ወይም ዋልካው ከቀይ አፈር ጋር በሚገናኝበት የተዳፋት ግርጌ ላይ ማድረግ።

መ/ ቤት ከመሠራቱ በፊት የጎርፉን ተፈጥሯዊ መንገድ በችካል ለይቶ ባዶ መተው። ይህ ስፍራ ለግጦሽ ወይም ለሣር ማጨጃ ሊያገለግል ይችላል፤ ለቤት ግን ከቶ መሰጠት የለበትም።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደረሰው አደጋ የዚህ የመጨረሻው ነጥብ አሳዛኝ ማስረጃ ነው። በሐረርጌ ደጋ የወረደው ኃይለኛ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ በኩል በሌሊት ከተማዪቱ ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ሕይወቱን አጣ። ወንዙ ለብዙው ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለነበረ ሰው በዳርቻው መሥፈሩን እንደ አደጋ አልቆጠረውም ነበር። በመተማ ቆላም ደረቅ የሚመስሉ ጅረቶች ብዙ ናቸው።

የአረንጓዴው ሥራ በሦስት ደረጃ

ቦታው በትክክል ከተመረጠ በኋላ ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ከታች የተጀመረ ሥራ ከላይ በሚመጣው ጎርፍ ይወሰዳል።

ሀ/ ከመንደሩ በላይ። ተዳፋቱን ከከብትና ከምንጠራ መከለል የመጀመሪያው ሥራ ነው። የተከለለ ተዳፋት በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ሣር መልሶ ሊያለብስ ይችላል። ድንጋይ ባለበት የድንጋይ እርከን፣ አፈር ባለበት የአፈር እርከን የመሬቱን ልክ ይዞ ይሠራል። በእርከኑ ጀርባ ላይ ቬቲቨር፣ ደሾ ወይም የአካባቢው ሰንበሌጥ ይተከላል። በጅረቱ ውስጥ የድንጋይ ክትር በተከታታይ ሲሠራ የውኃውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ደለሉንም ያስቀራል። ክትሩ መሐሉ ዝቅ ብሎ ጫፎቹ ወደ ዳርቻው አፈር ውስጥ ሊገቡ ይገባል። አለዚያ ውኃው በጎን ዞሮ ክትሩን ያፈርሰዋል።

ይህ ሥራ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ የሠራው የድንጋይ እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1973 ዓ.ም. በወሎ ማይባር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር፣ ከእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ ከሔክታር 42 ቶን አፈር እንደሚጠረግ ለተሰጠው አገራዊ ግምት መነሻ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም የተፋሰስ ልማት መመሪያና የሴፍቲኔት ፕሮግራም በብዙ ደጋማ ወረዳዎች ይህንኑ ሥራ ለሕዝቡ አስተምረዋል። ከወሎና ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ የወረደ ሠፋሪ እርከን መሥራት ያውቃል። ይህ እውቀት በቆላው ሥራ ላይ ሊውል ይገባል።

ከላይ የሚጠረገው አፈር ጉዳቱ በመንደሩ አይቆምም። በሱዳን በአትባራ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተገነባው የኸሽም አልጊርባ ግድብ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም ነበረው። ተከዜና ጓንግ ከኢትዮጵያ ይዘው በሚወርዱት ደለል ምክንያት ግማሹን ያህል አቅሙን አጥቷል። ለአንዱ አገር የጠፋ አፈር ለሌላው አገር የጠፋ ውኃ ሆነ ማለት ነው።

ለ/ በመንደሩ ውስጥና ዙሪያ። ከመንደሩ በላይ ባለው ጠርዝ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈራል። የቦዩ ዘቅዛቃነት በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ውኃው ቦዩን መሸርሸር ይጀምራል። ቦዩ የሚያመጣውን ውኃ የሚቀበለው ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ በሣር የተሸፈነ መውረጃ ነው። የመውረጃው ወለል ሰፊ በሆነ መጠን ውኃው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጠባብና ጥልቅ ቦይ ግን ቦረቦር ይሆናል። ሣሩ ሥር እስኪሰድ ድረስ አንድ ክረምት ስለሚያስፈልገው ማስቀየሻ ቦዩ ከመከፈቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ መውረጃው ቢዘጋጅ ይመረጣል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ይህ ቅደም ተከተል ሳይጠበቅ ሲቀር ነው።

ቤቶቹ የሚሠሩት ከፍ ባለ የአፈር መደብ ላይ ነው። በየቤቱ መካከል ያለው ውኃ በትንንሽ የሣር ቦዮች ወደ ዋናው መውረጃ ይመራል። መጸዳጃ ቤት በዋልካ ላይ ሲቆፈር ግድግዳው ስለሚደረመስና በክረምት ስለሚሞላ፣ በቀይ አፈሩ ላይ ወይም ከፍ ተደርጎ መሠራት አለበት። የኮሌራ መነሻ ከሆኑት አንዱ የመጸዳጃ ጉድጓድ በጎርፍ ሞልቶ ወደ ውኃ መቅጃ መፍሰሱ መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ።

ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ጎርፍ ከመሆኑ በፊት ሊያዝ ይችላል። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ፣ 20 በመቶው ቢባክን እንኳን፣ በዓመት 72 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰበስባል። የአምስት ሰው ቤተሰብ በሰው በቀን 15 ሊትር ቢጠቀም በስምንቱ ደረቅ ወራት የሚያስፈልገው 18 ሜትር ኩብ ነው። ከአንድ ጣሪያ የሚወርደው ለአራት ቤተሰብ በጋ ይበቃል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚይዝ ታንከር ባይገኝ እንኳን ባለ 10 ሜትር ኩብ ታንከር ለጤና ኬላው በበጋው ሁሉ በቀን 40 ሊትር ያህል ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ይሰጣል።

ሐ/ ከመንደሩ በታች። ከሣር መውረጃው የሚወጣው ውኃ ወደ ኩሬ ይገባል። በጠረፉ ማዶ በገዳሪፍ ሜዳ የሱዳን ሕዝብ «ሐፊር» የሚለው ኩሬ ይህ ነው። በዋልካ ላይ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር ዙሪያውን ይከመራል፤ በበጋ ለከብትና ለሰው ያገለግላል። በከሰላ አካባቢ ደግሞ «ተራስ» የሚባል አሠራር አለ። ገበሬው ማሳውን በሦስት ወገን በአፈር ክትር አጥሮ ከላይ በኩል ክፍት ይተወዋል፤ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ማሳው ውስጥ ተቀብሎ ማሽላ ያበቅልበታል። ሁለቱም በተመሳሳይ አፈርና ሙቀት ውስጥ የተፈተኑ ስለሆኑ ለመተማ ከሩቅ አገር ከሚመጣ ንድፍ ይልቅ ይቀርባሉ። ተራስ ግን ለማሽላ እንጂ ለሰሊጥ አይሆንም። ሰሊጥ ውኃ ለጥቂት ቀን ቢተኛበት ይበላሻል፤ ስለዚህ የሰሊጥ ማሳ ውኃውን በሚያስወጣ ቦይና በከፍተኛ መደብ ሊዘራ ይገባል።

የኩሬ ዋና ጠላት ትነት ነው። በበጋ በቀን 7 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢተን በ240 ቀን 1.68 ሜትር ያህል ይጠፋል። በዚህ ስሌት 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ማንም ሳይጠቀምበት ይደርቃል። አፉ 30 በ30 ሜትር፣ ወለሉ 18 በ18 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር የሆነ ኩሬ ግን 2,350 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ትነቱ ከተቀነሰ በኋላም ወደ 1,000 ሜትር ኩብ ይተርፈዋል። አንድ የቀንድ ከብት በቀን 25 ሊትር ቢጠጣ ይህ ከ160 በላይ ከብት በጋውን ያሻግራል። ስለዚህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ መቆፈር የሕዝብ ጉልበት ማባከን ነው። ከኩሬው መግቢያ በፊትም ደለል የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድና የሣር መደብ ሊኖር ይገባል። የኩሬ ውኃ ለሰው መጠጥ የሚውለው ተጣርቶና በመድኃኒት ታክሞ ብቻ ነው።

ውኃና በሽታ

በቆላ ውስጥ ውኃ የሚያጠራቅም ሁሉ ስለ ወባ ማሰብ ግዴታው ነው። የወባ ትንኝ በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ ራሪ ትንኝ ለመድረስ ወደ 10 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃታል። በመሆኑም በመንደር ውስጥ ያለ ቦይና መውረጃ ዝናቡ ባቆመ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ መድረቅ አለበት። ውኃ ሲተኛበት የሚታይ ቦታ ወዲያውኑ ተሞልቶ ሊስተካከል ይገባል። ኩሬው ከመኖሪያው ራቅ ብሎ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለና ከአረም የጸዳ ሆኖ ይሠራል። ትንኝ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን ጥልቀት የሌለው የጠርዝ ውኃና የከብት ዱካ ስለሆነ፣ ከብት ወደ ኩሬው እንዳይገባ አጥሮ በገንዳ ማጠጣት ሁለት ጥቅም አለው።

ሁለተኛው በሽታ ካላ አዛር ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የዋልካ ስንጥቅና የግራር፣ የላሎ ዛፍ ያለበትን ሥፍራ ትወድዳለች። ከደጋ የሚመጡ ሠፋሪዎችና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በሽታውን የመቋቋም ልምድ ስለሌላቸው ይበልጥ ይጠቃሉ። ስለሆነም ለጎርፍ መከላከያ ዛፍ ሲተከል የትኛው ዛፍ የት እንደሚተከል ማመዛዘን ያስፈልጋል። ግራርና ላሎ ለተዳፋቱና ለማሳ ዳርቻ መልካም ናቸው፤ ሰው በሚያድርበት ቦታ አጠገብ ግን ኒምና ሌላ ጥላ ያለው ዛፍ፣ በቤቶች መካከል ደግሞ አጭር ሣር ይመረጣል። ሠራተኞች በግራርና በላሎ ሥር ያለ አጎበር እንዳያድሩ ማስተማርም የሥራው አንድ ክፍል ነው። በየዓመቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ለሚተከለው ችግኝ ምርጫም ይህ ምክር ያገለግላል።

የሥራ ጊዜና የጥገና ኃላፊነት

ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ለመቆፈር የሚመቸው ዝናቡ ካቆመ በኋላ እርጥበቱ ሳይጠፋ ነው። ይሁንና መስከረምና ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ስለሆነ ገበሬውን ለዘመቻ መጥራት ሰብሉን ማስበላት ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ቁፋሮ አጨዳው እንዳለቀ ከኅዳር ጀምሮ ቢሆን፣ የድንጋይ ሥራው እስከ የካቲት ቢቀጥል፣ ሣርና ችግኝ ደግሞ ዝናቡ ከረጋ በኋላ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ቢተከል ይስማማል። በነሐሴ ኃላፊው ዝናብ እየዘነበ መንደሩን ዞሮ ማየት አለበት። አንድ ሰዓት በዝናብ ውስጥ የተደረገ ጉብኝት በበጋ ከተጻፈ ረዥም ሪፖርት የበለጠ ያስረዳል።

ብዙ ኩሬና ቦይ የሚጠፋው በግንባታ ጉድለት ሳይሆን ባለቤት በማጣት ነው። ደለል ሳይጠረግ ሁለትና ሦስት ክረምት የቆየ ኩሬ ሜዳ ይሆናል። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ኩሬውን ማን እንደሚጠርግ፣ አጥሩን ማን እንደሚጠብቅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በመንደሩ ስብሰባ መወሰን አለበት። የታጨደው ሣር ለጠባቂዎቹ ቢሰጥ ጥበቃው ይጸናል። ሠፋሪውና የቀድሞው ነዋሪ በአንድ ኮሚቴ ውስጥ መግባታቸውም አስፈላጊ ነው። ኩሬው ለሠፋሪው ብቻ የተቆፈረ ከመሰለ በመጀመሪያው ደረቅ ወር የጠብ ምክንያት ይሆናል።

የአሠራሩ ወሰን

አረንጓዴ ሥራ የሚያቃልለው የየዓመቱን ተራ ዝናብ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2015 በ16 ከተሞች «የስፖንጅ ከተማ» የተባለውን ሰፊ ፕሮግራም ጀምራ ነበር። በዚሁ አሠራር ብዙ ገንዘብ ባፈሰሰችው በጄንግጆ ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ ከ300 በላይ ሰው ሞቷል። እንዲህ ያለውን ዶፍ ሣርና ኩሬ አያቆመውም። ስለሆነም ከአረንጓዴው ሥራ ጎን ለጎን የጎርፉ መንገድ ባዶ መተው፣ ከላይ ባለው መንደር ዝናብ ሲበረታ ለታችኛው በስልክ ማስታወቅ፣ ሕዝቡ የሚሸሽበትን ጉብታ አስቀድሞ መወሰን የግድ ያስፈልጋል።

በአጭሩ፣ ለመተማ ሠፋሪ የክረምቱ ውኃ ጠላት የሚሆነው ሳይታሰብበት ሲመጣ ነው። ከላይ ተዳፋቱ ከለበሰ፣ በመሐል መውረጃው ሣር ከያዘ፣ ከታች ጥልቅ ኩሬ ከተቆፈረ ያው ውኃ በመጋቢት ከብቱን ያጠጣል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሥራ ዶማ፣ አካፋ፣ ድንጋይና የሣር ሥር ብቻ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ግን ኃላፊው ቦታውን በክረምት እንዲያየው ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት መንደር በነሐሴ ውኃ የሚተኛው የት ነው? ይህንን ከየትኞቹ ነዋሪዎች አረጋገጣችሁ?

2. ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ስንት ሔክታር ይሆናል? 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይወርድበታል?

3. በአካባቢው ያለው ኩሬ ጥልቀቱ ስንት ነው? ትነቱ ከተቀነሰ በኋላ እስከ ስንተኛው ወር ይቆያል?

4. ዝናቡ ካቆመ ከሦስት ቀን በኋላ በመንደሩ ውስጥ ውኃ የሚገኝባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዱ ቦታ ተጠያቂው ማን ነው?

5. በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሠፋሪ ወይም ስደተኛ ቢመጣ፣ ቦታው ቀደም ብሎ በክረምት ታይቶ እንዲመረጥ ከአሁኑ ምን ሊደረግ ይችላል?